ወባ ካልሆነ፣ ታይፎይድ ከማለታችን በፊት፦ በጎጃም ጤና ጣቢያዎች የልጆችን የደንጊ ትኩሳት መለየት

በጎጃም ቆላ ትኩሳት ይዞት የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ወባ ይባላል። እንዲህ ማሰቡ ትክክል ነው። ወባ በብዛት አለ፣ ይገድላልም። ጣጣው የሚመጣው የወባ ምርመራው "የለም" ሲል ነው። ያኔ ሁለተኛው መልስ ብዙ ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ "ታይፎይድና ታይፈስ"። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ይሠራል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ እናትም እፎይ ትላለች። ልጁን የያዘው ደንጊ ከሆነ ግን ክፉው ሰዓት የሚጀምረው ገና ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው። የደንጊ መመርመሪያ ኪት የለም፣ የደም ቆጠራ ማሽኑም ወይ የለም ወይ ተበላሽቷል እንበል። የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ። ደንጊ በአንድ ምርመራ ተይዞ የሚያልቅ በሽታ አይደለም። ቀኑን እየቆጠሩ፣ ልጁን ደጋግመው እያዩ ነው የሚለዩት።

ስለ በሽታው በአጭሩ። ደንጊ አራት ዓይነት ያለው ቫይረስ ነው። የሚያስተላልፈው ኤደስ የሚባለው ትንኝ በቀን ይነክሳል፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። የሚራባው በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማና በእንስራ በተጠራቀመ ውኃ ነው። በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ መጀመሪያ በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በሶማሌና በአፋር ክልሎችም ተከስቷል። ትንኙ ብርድ አይወድም። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ደጋ ሳይወጣ የታመመ ልጅ ላይ ደንጊን ቀድሞ ማሰብ አያስኬድም። የዓባይ በረሃ፣ የጃዊ ቆላ፣ የመተከል አዋሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ የጎጃም ሰው ለሥራ ሩቅ ይሄዳል። ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ አንዳንዱም ሱዳን ድረስ ይወርዳል። ቤተሰብ ሲከተል ልጆችም አብረው ይሄዳሉ።

አንደኛ፦ ከጥያቄ በፊት እጁን ንኩት

ካርድ ከመጻፋችሁ በፊት የልጁን እጅና እግር ዳስሱ። ሰውነቱ እየተቃጠለ መዳፉና እግሩ ከቀዘቀዙ ጥሩ ምልክት አይደለም። የጣቱን ጫፍ 5 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። በጥቁር ቆዳ ላይ የጥፍሩን ሥር ወይም ውስጥ እግሩን ማየት ይሻላል። ብርድ ራሱ ምላሹን ስለሚያዘገየው ልጁ በጠዋት ከውጭ እንደገባ ከሆነ ትንሽ አሙቃችሁ ድገሙት።

የልብ ምቱን አዳምጡ፣ ግፊቱን ለኩ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናየው የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነው። በደንጊ የሚያስፈራው የሁለቱ ቁጥሮች መጠጋጋት ነው። 90/75 የሆነ ልጅ የላይኛው ቁጥር ደህና ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን 15 ነው። ልዩነቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ ሾክ ውስጥ ነው (ደም ለአካላቱ በሚበቃ መጠን እየደረሰ አይደለም)፣ ቢያወራችሁም እንኳ። ልጆች የላይኛውን ግፊት እስከ መጨረሻው ይዘው ቆይተው በድንገት ነው የሚወድቁት።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ምርመራውን አቆዩትና ደም ሥር ክፈቱ። ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሒሳብ በ1 ሰዓት ስጡ፣ እየሰጣችሁም ሪፈር አመቻቹ። በጣም የተጎሳቆለ ልጅ ከሆነ የምግብ እጥረት መመሪያውን ተከተሉ። ቤተሰብ "ጉሉኮስ ይሰቀልለት" ይላል። 5 በመቶ ግሉኮስ ብቻውን ለሾክ አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ቁጠሩ

ልጁ ከተረጋጋ በጣም የሚጠቅማችሁ ጥያቄ "ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?" የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ "ሰንብቷል" ወይም "ከሰሞኑ" ይሆናል። አትቀበሉት። እናቶቻችን ቀኑን በቁጥር ባይነግሯችሁ በበዓሉ ይነግሯችኋል። "እህቴ፣ ኪዳነ ምሕረት ዕለት ይጫወት ነበር? ማታ እንዴት አደረ? ቅዳሜ ገበያ ስትሄጅ ደህና ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። አያት ይዘውት ከመጡም "እማማ፣ ከሚካኤል በፊት ነው ወይስ በኋላ?" ማለት ይበቃል። ትኩሳቱ በኪዳነ ምሕረት፣ በ16 ከጀመረና ዛሬ 20 ከሆነ፣ ዛሬ 5ኛው ቀን ነው። የጀመረበትን ቀን አንድ ብላችሁ ነው የምትቆጥሩት። ቁጥሩን በካርዱ ላይ ጉልህ አድርጋችሁ ጻፉት፣ በየቀኑም ቀይሩት።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለ። የደንጊ ትኩሳት ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። አደገኛው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰሞን ይመጣል። ያኔ የደም ፈሳሽ ከደም ሥር ወደ ሆድና ወደ ደረት ይሰርጋል። ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ልጁ ያገግማል። ቀኑን ካላወቃችሁ አንድን ልጅ "ትኩሳቱ ለቆታል፣ ተሻለው" ብላችሁ በዋናው ሰዓት ልታሰናብቱት ትችላላችሁ። በተቃራኒው ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ ደንጊን ተዉትና ሌላ ፈልጉ። ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ የከሳ ልጅ ከሆነ ካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን፣ ጣፊያ የሚያሳብጠውን በሽታ) አስቡ።

ሦስተኛ፦ የት ነበር? ማን ሌላ ታመመ?

ቫይረሱ ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ያለፉትን 2 ሳምንታት ጠይቁ። ልጁ በረሃ ወርዶ ነበር? ከድሬዳዋ፣ ከአፋር፣ ከሱዳን የመጣ ሰው ቤት አለ? በጎረቤት፣ በትምህርት ቤት እንዲሁ የሚያተኩሰው አለ? የመንገዱን ጥያቄ ሰው የሥራ ፈቃድ ወይም የድንበር ምርመራ እየመሰለው ሊሸሸው ይችላል። ለምን እንደምትጠይቁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አራተኛ፦ ወባውን ፈትሹ፣ ግን እዚያ አትቁሙ

በፈጣን ምርመራም ሆነ በማይክሮስኮፕ ወባ ሳይፈተሽ ወደ ሌላ አይታለፍም። ወባ ከተገኘ በሙሉ አክሙት። ነገር ግን ወባ መገኘቱ ደንጊን አያስቀርም፣ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ በ3ኛው ቀን ያልተሻለው ወይም ከታች የምዘረዝራቸው ምልክቶች የመጡበት ልጅ እንደገና መታየት አለበት።

የደም ፊልሙን የሚያየው ባለሙያ የወባውን ተውሳክ ብቻ ፈልጎ እንዳይተው ንገሩት። በደጋውና በከተማው፣ ቅማል ባለበት፣ የሚያገረሽ ትኩሳት አለ። እሱም አፍንጫ ያደማል፣ ቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ ያወጣል። የተጠማዘዘው ባክቴሪያ በዚያው ፊልም ላይ ይታያል።

ስለ ዊዳል በግልጽ ልናገር። የአንድ ቀን ዊዳል "ፖዘቲቭ" ማለት ልጁ ታይፎይድ ይዞታል ማለት አይደለም። ቀድሞ የነበረ ኢንፌክሽንም፣ ሌላ በሽታም ሊያሳየው ይችላል። በዚህ ወረቀት ተማምነን የምንሰጠው አንቲባዮቲክ ልጁን ከማዳኑ ይልቅ እኛን ያዘናጋናል። "ታይፎይድ ነው" ብለን ከጻፍን በኋላ ማንም ተመልሶ ግፊቱን አይለካም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ጊዜ አይሰጡም። አንገቱ የተገተረ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ በፍጥነት እየተስፋፋበት ያለ ልጅ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል አንቲባዮቲኩን በደም ሥር ጀምራችሁ ላኩት። ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ከሽፍታ ጋር ከመጣ ኩፍኝን አስቡ፣ ክትባቱን ጠይቁ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ቢጫ ወባም በዝርዝራችሁ ውስጥ ይግባና ዕለቱኑ ለወረዳው ይነገር።

አምስተኛ፦ ልብሱን አውልቁና እዩት

ደንጊ የያዘው ልጅ ትኩሳቱ ድንገት ይነሳና 39 ወይም 40 ይደርሳል። ትልቁ ልጅ ራሱን፣ ከዓይኑ ጀርባ፣ ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ያመዋል። ትንሹ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። ይነጫነጫል፣ ጡት ይተዋል፣ ያስመልሳል፣ ሲያቅፉት ያለቅሳል። ቤተሰብ ምች መታው ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶለት ሊሆን ይችላል። አትቆጡ። ምን ምን እንደሰጡት ብቻ በትህትና ጠይቁ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ነው፦ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ወስዷል? እነዚህ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። በደንጊ ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፦ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ በአንድ ጊዜ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። "መርፌ ካልተወጋ አይድንም" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። የጡንቻ መርፌ ግን በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ደም ያቋጥራል። አትወጉት።

ሽፍታው በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም። መጽሐፍ ላይ እንዳለው ቀይ ሆኖ እንዲጠብቃችሁ አትጠብቁ። ወደ ብርሃን አውጡት። መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ የዓይኑን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል፣ ላንቃውን እዩ። በእጃችሁ ዳብሱት። ነጠብጣብ ካገኛችሁ ግልጽ ብርጭቆ ጫኑበት። ተጭናችሁትም ካልጠፋ ከቆዳው ሥር የፈሰሰ ደም ነው። የቁንጫ ንክሻም ግን እንዲህ ሊያታልል ይችላል። የቁንጫው መሃሉ ላይ የተነከሰበት ነጥብ አለው፣ የሚበዛውም ቀበቶና ልብስ በሚያጠብቅበት ቦታ ነው።

ሆዱን ዳስሱ። ጉበቱ ከጎድን አጥንቱ ሥር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣና ሲነካ ካመመው ለደንጊ ትልቅ ነገር ነው። ጣፊያው ብቻ አብጦ ከሆነ ሐሳባችሁን ወደ ወባ መልሱ።

ስድስተኛ፦ የቱርኒኬት ምርመራ

ይህ ክንድን በግፊት መለኪያው ጨርቅ (ካፍ) አጥብቆ ከቆዳ ሥር ደም ይፈስ እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን በጥንቃቄ ካልተሠራ ዋጋ የለውም። ለልጁ ክንድ የሚሆን ካፍ ፈልጉ። የላይኛውን ክንድ ሁለት ሦስተኛ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአዋቂ ካፍ በትንሽ ክንድ ላይ ግፊቱን አሳንሶ ያሳያል።

መጀመሪያ ከክርኑ በታች ያለውን ቆዳ አጽዱና በፊት የነበረውን ነጠብጣብና የቁንጫ ንክሻ ሁሉ በእስክሪብቶ ክበቡት። ግፊቱን ለኩ። የላይኛውንና የታችኛውን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። 90/60 ከሆነ 75 ይመጣል። ካፉን እስከዚያ ንፉና 5 ደቂቃ አቆዩት። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ታቅፈው፣ ምን እንደምትሠሩም ንገሯት። ካፉ እያስተነፈሰ ስለሚወርድ ዓይናችሁ ከመለኪያው አይነሳ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አስተንፍሱትና 2 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከባዶ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ጎንና ጎኑ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቆርጣችሁ አዘጋጁ። አዲስ ነጠብጣብ በብዛት ያለበት ቦታ ላይ አሳርፉትና ቁጠሩ። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው።

ኔጌቲቭ መሆኑ ግን ነፃ አያወጣውም። በመጀመሪያው ቀን፣ ሾክ ውስጥ ባለ ልጅ ላይና በወፍራም ክንድ ላይ ላይታይ ይችላል። ደንጊ የጠረጠራችሁበትን ልጅ በማግስቱም ድገሙለት። ሌላ ደም የሚያፈስ በሽታም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ስለሚችል ብቻውን አይፈረድበትም።

ሰባተኛ፦ ካላችሁ ላብራቶሪ ይህን አውጡ

ሄማቶክሪት (ቀይ ሕዋሱ ከደሙ ስንት በመቶ እንደሚይዝ) የሚለካ ሴንትሪፊውጅ (ደም የሚያሽከረክር ማሽን) ካለ ሀብታም ናችሁ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ያዙ፣ በየቀኑ ድገሙ፣ ትኩሳቱ ከበረደ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከራሱ መነሻ 20 በመቶ ከጨመረ ፈሳሹ እየሰረገ ነው። እዚህ ላይ ልጁን ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው የምታወዳድሩት። የደጋ ልጅ በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ይልበታል። ወባ የደጋገመው የቆላ ልጅ ደሙ አንሷል። መነሻው 30 የነበረ ልጅ 36 ሲሆን ቁጥሩ "ኖርማል" ይመስላል፣ በእውነት ግን 20 በመቶ ጨምሯል። ሴንትሪፊውጅ ከሌለ የሄሞግሎቢን ቁጥሩን በ3 አባዙ፣ ለግምት ይሆናል።

ነጭ የደም ሕዋስ በደንጊ ብዙ ጊዜ ከ5,000 በታች ይወርዳል። ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ከ100,000 በታች ከሄማቶክሪት መጨመር ጋር አብሮ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማሽን ከሌለ በቀጭኑ ፊልም ላይ፣ በ100 ኦይል ሌንስ፣ 10 ቦታ ላይ ያለውን ፕላትሌት ቆጥራችሁ አማካዩን በ20,000 አባዙ። በአንድ እይታ በአማካይ ከ5 በታች ከሆነ ከ100,000 ወርዷል ማለት ነው። ተጠጋግተው የተከማቹ ካሉ ግምቱ ስለሚሳሳት የፊልሙን ጠርዝም እዩ። ወባም ፕላትሌት እንደሚያወርድ አትርሱ።

ኪት ከተገኘ የትኛውን ቀን ላይ እንደሆናችሁ እያያችሁ ተጠቀሙበት። ኤንኤስ1 (የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው) የሚያገለግለው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ገደማ ነው፣ አይጂኤም (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን የሚፈልገው) ደግሞ ከ5ኛው ቀን ወዲህ። በ2ኛው ቀን አይጂኤም ኔጌቲቭ ሆነ ብሎ "ደንጊ አይደለም" ማለት ስህተት ነው። አይጂኤም በቢጫ ወባና በመሰል ቫይረሶችም ሊነሳ ይችላል፣ የቢጫ ወባ ክትባትንም ጠይቁ።

ስምንተኛ፦ ወስኑ

ደንጊ ወዳለበት ቦታ የሄደ ወይም እዚያ የሚኖር፣ ትኩሳት ያለበት፣ ከእነዚህም ሁለቱ የተገኙበት ልጅ "ደንጊ ሊሆን ይችላል" ተብሎ ይያዝ፦ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ሽፍታ፣ የሰውነት ሕመም፣ ፖዘቲቭ ቱርኒኬት፣ የነጭ ሕዋስ ማነስ። ከሚከተሉት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱ ራሱ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ለማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ግን ከመቁጠሪያነት በላይ ቦታ ስጧቸው። ኃይለኛ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ የሆድ መነፋት ወይም በደረት ፈሳሽ ምክንያት የትንፋሽ ማጠር፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ የጉበት ማበጥ፣ ሄማቶክሪት ሲወጣ ፕላትሌት በፍጥነት መውረድ። አንዱ ካለ ልጁ አልጋ ይያዝ ወይም ሪፈር ይጻፍለት። ጥቁር ሰገራ ካለ ደም መሆኑን ከማመናችሁ በፊት የአይረን ሽሮፕ ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ። ከ1 ዓመት በታች ያለ፣ የተጎሳቆለ፣ ቤቱ ከጤና ጣቢያው በእግር ብዙ ሰዓት የሆነ ልጅ ምልክት ባይኖረውም ባይመለስ ይሻላል።

ዘጠነኛ፦ ሲበርድ ጠብቁት

ምልክት የሌለው ልጅ ቤቱ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ግን መታየት አለበት፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። ለእናቱ የምትነግሯት ረጅም ትምህርት አይሁን። ኦአርኤስ፣ የአጃ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ወተት ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ትስጠው፣ ውኃ ብቻ አይበቃም። በ6 ሰዓት ውስጥ አንዴም ካልሸና ታምጣው። ትኩሳቱ ሲለቀው ደግሞ እንዲህ በሏት፦ "ሲበርድለት አትዘናጊ፣ ያን ቀንና ማግስቱን ከዓይንሽ አይራቅ። እጁ ከቀዘቀዘ፣ ሆዱን ካመመው፣ ከፈዘዘ በሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ነይ።" መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት። አባትም ካለ አብሮ ይስማ፣ በሌሊት በቅሎ የሚጭነው ወይም ባጃጅ የሚፈልገው እሱ ነው።

እየተሻለው ያለ ልጅ ትኩሳቱ ሲወርድ ይበላል፣ ይጫወታል፣ በደንብ ይሸናል። ትኩሳቱ ወርዶ ከበፊቱ የደከመ ልጅ ሌላ ነው። ያለ ፓራሲታሞል 48 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖረው ከቆየ ክትትሉን ማቆም ትችላላችሁ።

አሥረኛ፦ ሪፈሩና ናሙናው

ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ስትልኩ "ትኩሳት፣ ለተሻለ ሕክምና" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ የበረደበትን ሰዓት፣ ሁለቱንም የግፊት ቁጥሮች፣ የሄማቶክሪቱን ተከታታይ ውጤት፣ መጨረሻ የሸናበትን ሰዓት፣ ስንት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ እንደወሰደ ጻፉ። መንገዱ ዝግ ከሆነና ማሳለፍ ካልተቻለ ስልክ ደውላችሁ ሐኪም አማክሩ፣ በየሰዓቱም ግፊቱን እየለካችሁ እዚያው ያዙት።

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያውን ተጠርጣሪ ልጅ ስታገኙ አሳውቁ፣ ሦስትና አራት እስኪሆኑ አትጠብቁ። የደሙን ሴረም (ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) ለይታችሁ በበረዶ ሳጥን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ በወረዳው በኩል ወደ ባሕር ዳር ላኩ። ትኩሳቱ የጀመረበትንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ቱቦው ላይ ጻፉ። ልጁ ድኖ፣ ከመጀመሪያው ናሙና ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ሁለተኛ ናሙና ከተወሰደ ላብራቶሪው ሁለቱን አወዳድሮ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የሚመለስበትን ቀን ከመሄዱ በፊት በበዓል ስም ቅጠሩት።